በፍልሰታ የቀለጠው አይስክሬም

መሪጌታ አናርጊሮስ በሰው ሁሉ አፍ ላይ ራሱን የሾመ ዘበኛ ነበር። የፍልሰታ ጾም በገባ ቁጥር በየጎረቤቱ ደጅ ሲያልፍ አየሩን አሽትቶ፣ የማን ቤት ድስት ቅቤ እንደ ነካው ለይቶ ያውቅ ነበር።

በዚያን ዕለት የዚህ የግሪክ መንደር ደብር ምእመናን ወደ እመቤታችን ገዳም በአውቶቡስ ይጓዙ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ግራ ቆሞ የሚዘምረው ፖሊካርፖስ ብስኩት ሲቆረጥም፣ የቀኙ ዘማሪ አናርጊሮስ ማሸጊያውን ከእጁ ነጥቆ የሹፌሩን ማይክሮፎን ያዘና፣ በጀርባው የተጻፈውን ደቃቅ ጽሑፍ በዜማ አነበበው።

«የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የወተት ዱቄት። ሰማችሁ አይደል? የወተት ዱቄት።»

«እኔ መነጽሬን ቤት ረሳሁ» አለ ፖሊካርፖስ እያኘከ፤ «አንተ ደግሞ ዓይንህን እኔ ጉንጭ ላይ ረሳህ።»

ነገሩ የብስኩት ብቻ አልነበረም። በበዓሉ ዋዜማ፣ የእመቤታችንን ቀብር ለማሰብ በአበባ ያጌጠው አጎበር በመንደሩ ሲዞር፣ የዕረፍቷን ሙሾ የሚመራው ማን እንደ ሆነ ገና አልተቆረጠም። አናርጊሮስ ይህን ክብር ከልጅነቱ ጀምሮ ይመኘው ነበር። የደብሩ ቄስ አባ ሌፍቴሪስም ጠብ ስለሰለቻቸው አንድ ዘዴ አበጁ።

«ኤፒዳቭሮስ ስንደርስ እንወርዳለን» አሉ። «ከጥንቱ ቲያትር መካከል፣ ከክቧ ድንጋይ ላይ ቆማችሁ አንድ አንድ ስንኝ ትሉልኛላችሁ፤ እኔ ላይኛው መደዳ ተቀምጬ እፈርዳለሁ። ብቻ ዘፈን ክልክል ነው፤ የቦታው ጠባቂ ፊሽካ ይዛለች። በሹክሹክታ ይሁን፣ እዚያ እንደ ሆነ ሹክሹክታም እስከ ላይኛው መደዳ ይሰማል።»

ደረሱ። ፀሐይ ድንጋዩን ስላጋለችው ተቀመጡ የተባሉት ሁሉ ተመልሰው ይነሡ ነበር። ከየአገሩ የጎረፈው ሕዝብ በክቧ ድንጋይ ዙሪያ ተሰልፎ፣ አንዱ ወረቀት ይቀድዳል፣ ሌላው ክብሪት ይጭራል፤ ከሰማይ ጥግ የተቀመጡት ደግሞ መስማታቸውን በጭብጨባ ይመሰክራሉ።

አናርጊሮስ ቄስ ለመምሰል ሲል በዚያ ሐሩር ጥቁር የሱፍ ኮት ለብሶ ነበር። ፖሊካርፖስ ተራውን ሲይዝ፣ እርሱ ጉሮሮውን ሊያርስ ከጥዶቹ ሥር ወዳለው ኪዮስክ ሄደ። የሄደው ውሃ ሊገዛ ነበር፤ ይህ ሊመሰከርለት ይገባል። ነገር ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ የገባችው እጅ በእንጨት የተሰካ የቫኒላ አይስክሬም ይዛ ወጣች። ግራ ቀኙን ቃኝቶ ማሸጊያውን ቀደደ፤ አንድ ጊዜም ላሰ።

«መሪጌታ» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። የቄሱ ባለቤት ኤቭላምፒያ ነበሩ። «አባ ይጠሩዎታል። ፖሊካርፖስ ጨርሷል፤ አንጀት ነው የበላው።»

«መጣሁ፣ እትዬ» አለና አይስክሬሙን ከነማሸጊያው በኮቱ የውስጥ ኪስ ወሸቀው።

በክቧ ድንጋይ ላይ ሲቆም በመጀመሪያ የተሰማው ጸጋ ነው። ልቡ ላይ ያረፈው ቅዝቃዜ እጅግ ደስ የሚል ነበርና፣ ከኀጢአት የሚገኘው ደስታ ለምን አጭር እንደ ሆነ ለአፍታ ረሳው። ወዲያው ግን ቅዝቃዜው መንገድ ጀመረ፤ ከደረቱ ወደ ሆዱ፣ ከሆዱ ወደ ቀበቶው ወረደ። አናርጊሮስ ሊያግደው እጁን በደረቱ ላይ ጫነ።

«እዩት እንዴት እንደ ተመሰጠ» አሉ ከላይ አንዲት አሮጊት፣ ዕንባቸውን እየጠረጉ።

እጁን በጫነ ቁጥር ማሸጊያው ይንኮሻኮሽ ነበር፤ ያም ድምፅ መደዳውን ሁሉ ወጥቶ ላይኛው ጫፍ ድረስ ደረሰ። አባ ሌፍቴሪስ ጆሯቸውን አቀኑ። አናርጊሮስ የስንኙን መጀመሪያ ጀመረ፤ ነገር ግን በመካከሉ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ማንም የማይሰማው መስሎት፣ «ወይ እመቤቴ፣ ጫማዬ ውስጥ ገባ» አለ።

በሰማይ ጥግ የተቀመጠው ምእመን ሁሉ ሰማ። ፖሊካርፖስ ደረጃውን ቁልቁል እየዘለለ ወርዶ የሚንጠባጠበውን ማሸጊያ ከአናርጊሮስ ኪስ መዘዘና፣ ከኤቭላምፒያ በተዋሰው መነጽር ጀርባውን ማንበብ ጀመረ።

«ወተት» አለ በሹክሹክታ። «ክሬም። የወተት ዱቄት።»

«ጨርሰኝ» አለ አናርጊሮስ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ቆይ እንጂ። ‹የለውዝ ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል› ይላል። ለውዝስ የጾም ነው። በለውዙ በኩል ንጹሕ ነህ።»

ከላይ የፈነዳው ሳቅ ጠባቂዋን ፊሽካ አስነፋት። አባ ሌፍቴሪስ ወርደው መጡ፤ ፊታቸው እንደ ፍርድ ቀን ጠቁሮ ነበር። በክቧ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ አፋቸውን ወደ አናርጊሮስ ጆሮ አስጠግተው፣ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«ከየት ነው የገዛኸው? ሌላ አላቸው?»

ከላይኛው መደዳ የኤቭላምፒያ ድምፅ ረጋ ብሎ ወረደ።

«አባ፣ ሰምተናል።»

ቄሱ ጢማቸውን ዳበሱ። «ሙሾውን ፖሊካርፖስ ይመራል» አሉ፤ በዚህ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አናርጊሮስ ከግራ ቆሞ ይቀበለዋል። ስለ ሌላው ነገር እኔ ለእመቤታችን እሰግዳለሁ፤ እናንተም ስለ እኔ ዝም በሉ።»

አናርጊሮስ ከልጅነቱ የተመኘውን ክብር አንድ ጊዜ በመላስ አጣ። የሌላውን አፍ የሚጠብቅ ሰው የገዛ አፉን በር ክፍት ትቶ እንደሚሄድ ግን ያን ቀን ተማረ፤ ወደ አውቶቡሱ ሲመለሱም ከፖሊካርፖስ ጎን ተቀመጠ፤ ፖሊካርፖስ ከተረፈው ብስኩት አንዱን ቢሰጠው ‹ጾም ነው› ብሎ በትሕትና መለሰለት።

በዋዜማው ምሽት ፖሊካርፖስ ሙሾውን መራ፤ አናርጊሮስም ከግራ ሆኖ እየተቀበለ አጀበው። ኮቱ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ነበር፤ የቫኒላው ጣፋጭ ሽታ ግን አልለቀቀውም። በቀኙ ወንበር ላይ ይዞሩ የነበሩት ዝንቦችም ተከትለውት ወደ ግራ ተሻገሩ።