ሁለት መኝታ ካልሆነ

«እሳቸውን ይዤ እዚህ መኖር አልችልም።»

የምራታቸው ድምፅ ነው፤ ከበሩ ውጭ፣ ደረጃው አፋፍ ላይ ከደላላው ጋር ታወራለች። እማማ ቀስታ የሻይ ብርጭቆውን ሳይቀምሱት መልሰው አስቀመጡት። ልጃቸው ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነው። የጧት ለቀስተኞች ሄደዋል፤ ጎረቤታቸው ብቻ ወጥ ቤት ብርጭቆ ታጥባለች።

«ይሁን» አሉ በልባቸው። «ገና ሠላሳ ያልሞላትን ልጅ፣ የሰው እናት ጡሪ ማን ይላታል?»

ክፍላቸው ገብተው ልብሳቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «አምላኬ፣ ቂም አታስይዘኝ» እያሉ።

ይህን ክፍል ልጃቸው የመረጠላቸው ተኝቶ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ቤት ፍለጋ የወጡ ዕለት ይኸው ደላላ፣ «አንድ መኝታ ይበቃችኋል፤ እናትህ ሳሎን ይተኛሉ» ቢለው፣ «እናቴ እንግዳ ናት እንዴ?» አለና ይህን ባለ ሁለት መኝታ እንዲያሳየው አደረገ። ከዚያ በሥራ ልብሱ፣ ባዶ ወለል ላይ፣ በሁለቱም መኝታ ቤቶች ተራ በተራ ተጋድሞ አዳመጠ። የውኃ መሳቢያው ሞተር የሚያጉረመርምበትን ለራሱና ለሚስቱ ወሰደ፤ ጸጥ ያለውን ለእናቱ ሰጠ።

«አራተኛ ፎቅ፣ ያለ ሊፍት?» ቢሉት፣ «ሊፍቱ እኔ ነኝ» ብሎ ሳቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ክንዳቸውን ይዞ፣ «በቀስታ፣ እማ፣ በቀስታ» እያለ አወጣቸው። ሕንፃው ሁሉ ይህን ሲሰማ ኖሮ «እማማ ቀስታ» የሚል ስም አወጣላቸው።

በሩ ተከፈተ። ምራታቸው ገባች፤ ደላላው ኮፍያውን አውልቆ ከኋላዋ ቆመ።

«ምን እየሠሩ ነው፣ እማማ?»

«የእህቴ ልጅ ዘንድ ልሂድ ልጄ። አልተቀየምኩሽም።»

«ምን አድርጌ ነው የሚቀየሙኝ?»

«ሰምቻለሁ። እሳቸውን ይዤ መኖር አልችልም ስትዪ።»

ልጅቷ የታጠፈውን ልብስ ነጠቀቻቸው። «እዚህ ነው እኮ ያልኩት! እዚህ! አራተኛ ፎቅ! እንደሱ ደግፌ የማወጣበት ጉልበት የለኝማ። ተያይዘን ብንወድቅስ?»

«እማማ፣ እኔን ይጠይቁኝ» አለ ደላላው። «አሁንስ አንድ መኝታ አይበቃችሁም ወይ ብላት፣ ደረጃውን በጭንቅላቴ ልታስወርደኝ ነበር። ሁለት መኝታ ካልሆነ፣ ግራውንድ ካልሆነ እንዳትደውልልኝ አለች። ከሟቹ የባሰች ደረቅ!»

«እዚህ የምትለዋን ጆሮዬ ዘለላት» አሉ እማማ ቀስታ። አልጋው ላይ ዝርግፍ አሉ። የታመቀ ሳቅ አፈናቸው፤ ከምራታቸው ጋር ተያይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ጎረቤትየዋ ብቅ አለች። «ኧረ ሰው ይሰማል! ለቅሶ ቤት ነው እኮ!»

«ተመስገን በይ፣ አንቺ ደግሞ!» አሏት እማማ ቀስታ።

ደላላው ፈገግ እያለ የኪራይ ውሉን አወጣ። ያገኘላቸው ባለ ሁለት መኝታ ቤት ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ አከራይዋ ዛሬ ካልተፈረመ ለሌላ እሰጣለሁ ብላለች። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መሙላት ያዘ።

«ነዋሪ ስንት ሰው ልበል?»

ልጅቷ ዕንባዋን እየጠረገች ሦስት ጣቷን አነሣች።

ደላላው አልጻፈም። አቀረቀረ።

ጣቶቿን አየቻቸው፤ ቤተሰቡ እስከ ሰሞኑ ሦስት ነበር። አንዷን ልታጥፍ ሞከረች፤ ግማሽ ድረስ ሄዳ አልታጠፍ አለቻት። እማማ ቀስታ እጃቸውን ዘረጉና ያቺን ጣት መዳፋቸው ውስጥ ሸሸጓት።