ስለ እኔ ጠይቂያት

ከመንግሥት ሰው ይመጣል በተባለበት ጠዋት ወይዘሮ አያልነሽ ምርኩዛቸውን ከሶፋው ኋላ አስደበቁት። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ቀሚሱን ያለበሰቻቸውም፣ ፀጉራቸውን ያበጠረችላቸውም ልጃቸው ሠርካዲስ ናት፤ እሳቸው ግን ይህን ማንም እንዳያውቅባቸው ነው የሚፈልጉት።

"እማዬ፣ ዛሬ ለምትመጣው ሴት እውነቱን ንገሪያት" አለቻቸው ሠርካዲስ። "አልችልም ካላልሽ ቤት መጥቶ የሚያግዝሽን ረዳት አፕሩቭ አያደርጉልንም።"

"እኔ መቼ ዋሽቼ አውቃለሁ?"

ውሸትስ አልነበረም፤ ልማድ ነው እንጂ። ወይዘሮ አያልነሽ እንዴት አደሩ ሲባሉ ከ"እግዚአብሔር ይመስገን" ሌላ መልስ ሳይማሩ ያረጁ ሴት ናቸው። በዚያ ላይ የመንግሥት ሰው ያስፈራቸዋል። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ መጥቶ "ቤት ውስጥ ማን አለ?" ያለ ሰው ለደግ ጠይቆ አያውቅም። እዚህ በሰው አገር ደግሞ መንግሥት እስከ ሳሎን ድረስ መጥቶ "ምን ያቅትዎታል?" ይላል፤ ላቃተው ሰው ረዳት ከፍሎ ይልካል። ይህን ለእሳቸው የሚያስረዳ ምላስ ከየት ይምጣ!

ሠርካዲስ እንግልውድ በሚባል ከተማ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። የሰው እናት ስታጥብ ትውላለች፤ የራሷ እናት በሚኖሩበት ከተማ አውሮራ፣ አፓርትመንታቸው ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ። ባለፈው ወር ማታ ስትገባ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀው አገኘቻቸው። የወደቁት ረፋዱ ላይ ነበር። "ወለሉ ቀዝቀዝ ብሎ ደስ ይላል" ነው ያሏት። እንግዲህ ዛሬ ረዳት ካልተፈቀደ ያላት ምርጫ ሥራዋን መተው ወይም እናቷን መጦሪያ ማስገባት ነው። ሥራዋን ብትተው ቤቱን የሚያቆመው የለም። መጦሪያው ውስጥ ደግሞ በአማርኛ እንዴት አደሩ የሚላቸው አንድም ሰው የለም፤ ይህን ስታስብ እንቅልፍ ታጣለች።

ሊንዳ የምትባለው የመንግሥት ሠራተኛ ፊተ ብሩህ ሴት ናት። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ ስታደርገው አስተርጓሚው ከውስጥ ሰላምታ ሰጠ። ወንድ ነው። ሠርካዲስ ክው አለች፤ እናቷ ለወንድ ስለ ገላ መታጠብ ሊያወሩ!

"እማማ፣ ያለ ሰው እርዳታ ሻወር ይወስዳሉ ወይ ትላለች።"

"ምን ሆኜ! እታጠባለሁ እንጂ። አንተ የማን ልጅ ነህ?"

"ልብስ መልበስስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ምግብ ማብሰልስ?"

"ምን ጎድሎብኝ፣ ልጄ! አነጋገርህ የጎጃም ነው ልበል?"

አስተርጓሚው አንድ ሳያስቀር ተረጎመ፤ ጎጃምን ጭምር። ሊንዳ በየመልሱ ቅጿ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ሠርካዲስ አላስቻላትም።

"እማዬ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!"

"ዝም ባለ አፍም ዝንብ አይገባም" አሉ እናትየው ፈገግ ብለው።

ሊንዳ መልሱን ከራሳቸው መስማት እንዳለባት በትሕትና ተናገረች። ሠርካዲስ አንገቷን ደፋች። እኚህን ሴት አመመኝ ማሰኘት ከድንጋይ ውኃ መጭመቅ ነው። ዘመድ ሲመጣ ታዲያ ስለ ምንድን ነው አፋቸው የሚፈታው? "ልጄ እኮ" ብለው አይደል ወሬ የሚጀምሩት? ቀና አለች።

"ሊንዳ፣ ስለ ራሷ አትጠይቂያት" አለች በእንግሊዝኛ። "ስለ እኔ ጠይቂያት። ልጅሽ ምን ታደርግልሻለች በያት።"

ሊንዳ አየት አድርጋት ጠየቀች። የወይዘሮ አያልነሽ ፊት በራ።

"ሠርኬ? ስማኝማ፣ በደንብ ንገርልኝ። ገላዬን የምታጥበኝ እሷ፤ አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራብኝ አታውቅም። ካልሲዬን ተንበርክካ ነው የምታጠልቅልኝ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ሾርባውን በማንኪያ ታጠጣኛለች። ሽንት ቤት ደግፋ ወስዳኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትጠብቀኛለች፤ እንዳላፍር ብላ እኮ ነው! እንዲህ ያለ ልጅ የት ይገኛል?"

ማማረር የማያውቅ አፍ ማመስገኑንስ ተክኖበታል! አስተርጓሚው እየተረጎመ ተከተላቸው። ሊንዳ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሳ ምልክቶቿን መሰረዝ ያዘች።

"ሌሊትስ?" ስትል አስጠየቀች።

"ሌሊትማ ከዚያ ሁሉ ድካም ትነሳለች። በጨለማ መጥታ እጇን አፍንጫዬ ሥር ታደርጋለች፤ ትንፋሼ መኖሩን ልታይ። የተኛሁ ይመስላታል።" ለአስተርጓሚው ብቻ የሚነግሩት ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔም ሳልተኛ እጠብቃታለሁ። ስትመጣ ጮክ ብዬ እተነፍስላታለሁ፤ ሄዳ እንድታርፍ።"

ሠርካዲስ ይህን አታውቅም ነበር። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሊንዳም ትርጉሙን ሰምታ ቅጿን አጠፈች።

"ረዳት ይመጣላችኋል" አለች በመጨረሻ፣ ቦርሳዋን እያነሳች።

ወይዘሮ አያልነሽ እንግዳዋ መነሳቷን ሲያዩ ሶፋውን ተደግፈው ለመቆም ሞከሩ፤ አልሆነም።

"ሠርኬ፣ ያን ምርኩዝ አምጪልኝ። እንግዳ ሳይሸኝ ይሄዳል እንዴ?"

ሠርካዲስ ዓይኗን ጠርጋ ምርኩዙን ከተደበቀበት አወጣችና በሌላ ወገን ትከሻዋን ሰጠቻቸው። ቀስ ብለው ወደ በሩ ሲሄዱ እናትየው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

"አመሰገንኩ እንጂ አላማረርኩም፣ አይደል?"

"አላማረርሽም፣ እማዬ።"