የቧንቧው ውሃ

ሴቶቹ የወሰዱኝ በእንቅልፌ ነው። ሙሽራን ከሠርጓ በፊት ሳታስበው ከአልጋዋ ሰርቆ መውሰድ እኛ ዘንድ የጓደኞች መብት ነው። እንደሚሰርቁኝ አውቃለሁ፤ ቀኑን ግን ማንም አይነግርም። ዓይኔ በሻሽ ሲታሰር፣ ጓደኛዬ ሳቱ ጆሮዬ ስር ስትስቅ፣ ገና በሌሊቱ የምትወጣው የሰኔ ፀሐይ በጨርቁ ውስጥ ብርቱካን መስላ ስትገባ፣ ገና ሕልም ላይ ነበርኩ። መኪና ውስጥ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው እጄ አገጬን የነካው። አልተላጨሁም ነበር።

እኔ ሚርካ ጢም አለኝ። የእንቁላል እጢዎቼ የወንድ ሆርሞን ያበዛሉ። ዶክተሯ «የሆርሞን መዛባት ነው፣ ብዙ ሴት አለበት» ብላ ክኒን ሰጠችኝ። ብዙ ሴት አለበት! ታዲያ የት ነው ያሉት? ክኒኑ እድገቱን ቀነሰው እንጂ አላቆመውም። ፀጉር በሌዘር ጨረር የሚያጠፉበት ቤት ስሄድ «መብራቱ የሚይዘው ጥቁር ፀጉር ነው፣ ያንቺ ገለባ መልክ ነው» ብለው መለሱኝ። ፀጉሩን አንድ በአንድ በመርፌ የምታቃጥል ሴትም አገኘሁ፤ እሷ ደግሞ እንዲያዝላት ጥቂት ቀን ሳልላጭ እንድቆይ ፈለገች። ሳልላጭ ማን ፊት ልቆም? ተመልሼ አልሄድኩም።

ስለዚህ ምላጭ። ፀጉሬ ነጣ ያለ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም፤ ሲነኩት ግን እንደ ታጨደ ማሳ ይወጋል። ቬሳ፣ የማገባው ሰው፣ ሌሊቱን ሲያንኮራፋ አድሮ ንጋት ላይ እንደ ሕፃን ጸጥ ይላል። ያኔ ተነስቼ መታጠቢያ ቤቱን እቆልፋለሁ። የምላጩ ድምፅ እንዳይሰማ ቧንቧውን እለቃለሁ። አብረን መኖር ከጀመርን ወዲህ ያላደረግሁበት ጠዋት የለም። ትቶኝ ይሄዳል ብዬ አልነበረም የፈራሁት። ሲዳስሰኝ እጁ ለአፍታ ቀጥ ይላል ብዬ ነው። ያቺን አፍታ እስከ ሞት ድረስ እፈራት ነበር።

«ቦርሳዬስ?» አልኩ በሻሹ ውስጥ።

«ቬሳ አሰናድቶልሻል» አለች ሳቱ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ምስጢር ይዞ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይነበብ! ሰላይ መሆን ነበረበት ሰውዬው።»

ቬሳ ያሰናዳው ቦርሳ ውስጥ ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም። የሱፍ ካልሲ፣ የትንኝ ማባረሪያ፣ አለቀ። ስለማያውቀው ነገር እንዴት ያሰናዳል? መኪናው በጫካው መሃል ይሄዳል፣ ጥላና ብርሃን በሻሹ ላይ እየተፈራረቁ ያልፋሉ፤ መንገዱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

አለቀ። ሻሹ ሲፈታ ሐይቁ ፊቴ ተዘርግቷል፤ ውሃውና ሰማዩ የት ላይ እንደሚገናኙ አይለይም። ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ፣ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የቬሳ እናት ራይሊ ገላ የሚመታበት የበርች ዛፍ ቅጠል እስር ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሙሽራዋን ማጠብ የኔ ፋንታ ነው» አሉ። «ልብስሽን አውልቂ ልጄ፣ ድንጋዩ ግሏል።»

ራቁት መሆን አላሳፈረኝም። እኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ራቁታችንን አብረን ተቀምጠን ነው የምንታጠበው። እነዚህ ሴቶች ያላዩት የሰውነት ክፍል የለኝም። ከአገጬ በቀር።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ በትንሿ መስኮት የምትገባው ብርሃን እንፋሎቱ ላይ ተንሳፋ ትቀራለች። የላይኛው መደብ ላይ አስቀመጡኝ።

«የድሮ ወዳጆችሽን ስም ጥሪ! ለያንዳንዱ አንድ ጭልፋ ውሃ፣ እንዲተን!» አለች ሳቱ።

«ዩሃ» አልኩ። ውሃው ሲፈስበት የጋለው ድንጋይ ጮኸ።

«ለሱማ ሁለት ጭልፋ ድገሙለት! መኪናዬን ተውሶ አጥር ውስጥ የከተተ!»

ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ እንፋሎቱ ሁላችንንም አንድ ሰውነት አደረገን። ለጥቂት ጊዜ አገጬን ረሳሁት። ከዚያ ራይሊ በጨው የተለወሰ ማር ይዘው መጡ። ክንዴን ቀቡኝ፣ ጀርባዬን ቀቡኝ።

«አሁን ፊትሽን።»

እጃቸውን ያዝኩት። «ፊቴን አይሆንም።»

ሳቁ ቆመ። «ምን ሆነሻል? ማር እኮ ነው» አለች ሳቱ።

«ማር አይስማማኝም።»

«አሃ! ከማሰሮው በማንኪያ ስትዝቂው ነው የሚስማማሽ?»

«ሞቀኝ» ብዬ ወጣሁ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቀዝቀዝ ይላል። ቦርሳዬን የከፈትኩት ልብሴን ለብሼ ልሸሽ ብዬ ነው። የሱፍ ካልሲ አለ፣ የትንኝ ማባረሪያ አለ። ከስር ፎጣ ነበር። ፎጣው ውስጥ ምላጭ አለ፣ ልክ የኔን ዓይነት፣ አዲስ፤ አጠገቡ የምቀባው ክሬም፣ ክኒኔና አንዲት ትንሽ መስታወት። ከጥርስ ብሩሼ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

እርጥብ እንደሆንኩ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ማታ ማታ፣ ፀጉሩ ብቅ ሲል፣ አገጬን አንገቱ ስር እደብቀው ነበር። አንገቱ ስር! አንገት አይሰማውም ብዬ ነው? በነዚያ ምሽቶች ሁሉ እየወጋሁት የራስ ፀጉሬን ይዳብስ ነበር፤ እጁም አንድም ቀን ቀጥ አላለም። ደስ አለኝ፣ ተናደድኩም፤ ያ ሁሉ የጠዋት እንቅልፌ አሳዘነኝ።

ምላጩን አንስቼ ትንሽ ያዝኩት። ከዚያ ፎጣው ውስጥ መልሼ ወደ ሙቀቱ ገባሁ።

«ፊቴን ይቀቡኝ» አልኳቸው ራይሊን።

ጣታቸው ግንባሬን፣ ጉንጬን አልፎ አገጬ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ያቺ አፍታ መጣች። ተቀምጬ አሳለፍኳት።

«ይወጋል» አልኩ።

«ይወጋል» አሉ ራይሊ፣ ማሩንም ወደ አንገቴ ቀጠሉ።

«ምኑ ነው የሚወጋው? እስቲ!» ሳቱ እጇን ሰደደች። «ውይ አንቺ! ወንድሜ ጢም ላሳድግ ብሎ ዓመት ሙሉ ሲታገል ይሄን አላበቀለም እኮ!»

ከመደቡ እስክወድቅ ሳቅሁ፤ አለቀስኩም፤ እዚያ ውስጥ እንባና ላብ አይለይም።

ቤት የተመለስኩት በማግስቱ ነው። ቬሳ «እንዴት ነበር?» ሲለኝ «ሞቃት» አልኩት። ስለ ቦርሳው እሱም አላነሳ፣ እኔም አልጠየቅሁ። በሚቀጥለው ንጋት ቬሳ ጸጥ ብሎ ሳለ እንደ ልማዴ ተነሳሁ፤ በሩን ግን አልቆለፍኩም። ጥቂት ውሃ በእፍኜ ቀድቼ ፊቴን አራስኩና ቧንቧውን ዘጋሁት። የምላጩ ድምፅ በቤቱ ሁሉ ተሰማ።

«ውሃ ጠፋ እንዴ?» አለኝ ከአልጋው ላይ።

«አልጠፋም። ተኛ።»

የግራ ጉንጬን ጨርሼ ወደ አገጬ ሳልሻገር ማንኮራፋት ጀመረ።