የሃይድሮጅን ሽምግልና

ቅዳሜ ጠዋት ሆጤ ሰፈር ያለው ቤቴ ሽማግሌ መጣብኝ። የሚዳር ልጅ የለኝ፣ ከሚስቴ አልተጣላሁ፤ ምን ፈልገው ነው እላለሁ። ሸህ ኑርሁሴንና ቄስ ደጉ ናቸው፤ ከሐርቡ ተነስተው፣ በኮምቦልቻ አድርገው፣ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ በሚኒባስ ወጥተው። "አረፍ በሉ" ብላቸው ወይ ፍንክች! ለእርቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። ከኋላቸው፣ በሩ ላይ፣ ሱሀይላ ቆማለች። ያኔ ገባኝ።

ሱሀይላ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የማስተምራት የሐርቡ ልጅ ናት። የአተምና የሞለኪውል ኳንተም ፊዚክስን ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀች። ሁለቴ የወደቀ ይሰናበታል፤ ደንብ ነው። የዓመታት ልፋቷ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው።

"ልጄ ወንድምአገኘሁ፣" አሉ ሸሁ፣ "ልጅቱ ምን በደለችህ?"

"ኧረ ምንም!"

"ሳትበድልህማ አታባርራትም። አጥፍታ ይሆናል፤ ልጅ አይደለች? አፉ በላት።"

"ሸህዬ፣ እኔና እሷ አልተጣላንም። ፈተና ነው የወደቀችው።"

"ፈታኙስ አንተ አይደለህም?" አሉ ቄስ ደጉ።

እንግዲህ ለዚህ ምን ይባላል? ደሜ ፈላ። "ሁለት የሃይድሮጅን አተሞች ለምን እንደሚጣመሩ ብጠይቃት፣ ሁለቱን ለየብቻ ስላ ወጣች! እኔ ምን ላድርጋት?" ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌ ላይ መጮኼ ወዲያው ቆጨኝ።

ቄስ ደጉ ግን አልተቀየሙም። "እሺ፣ ውጤቱን አስተካክልላት።"

"የእርማት ስህተት ካልተገኘ ውጤት አይነካም፣ አባቴ። ስህተት ደግሞ፣ ሥላሴ ምስክሬ ናቸው፣ ወረቀቷን እያገላበጥኩ ስፈልግ ሰንብቻለሁ። የለም።" ይህን ስል እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

ሸህ ኑርሁሴን ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸውን ማጠፍ ሲጀምሩ ዘልዬ ያዝኳቸው። "ኧረ በፈጠረዎ! እኔ ፊት እንዴት ይንበረከካሉ? ምንም አልችልም እኮ!"

ይሄኔ ሱሀይላ ከበሩ ላይ ተናገረች።

"መምህር፣ አሁን ገብቶኛል። ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ስፒናቸው ተቃራኒ ሲሆን፣ በሁለቱ ኒውክሊየሶች መካከል የጋራ ይሆናሉ። ኢነርጂያቸውም ለየብቻ ከነበሩበት ዝቅ ይላል። አተሞቹ ተያይዘው የሚቀሩት ለዚህ ነው።"

አንድ ነገር አልሳተችም። ፈተናው ላይ ይህን ብትጽፍ ኖሮ ታልፍ ነበር። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ዘግይቶ ነው የገባት።

"ትክክል ነው" አልኩ። ምነው አፌን በያዝኩት!

"አልሐምዱሊላህ!" ሸሁ ፊታቸው በራ። "ይኸው፣ አወቀች! አብሽሪ ልጄ፣ አለቀ።"

ቄስ ደጉም "ተመስገን" ብለው ወንበር ሳቡ። ሁለቱም ተቀመጡ። ኧረ አላለቀም፣ ስሟ ከተሰናባቾች ጋር ለሬጅስትራር ተላልፏል ልል ነበር። እነዚያን ደስ ያላቸው ሽማግሌዎች ከወንበራቸው ላስነሳቸው?

ሸሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። "አላህ ልብህን እንዳራራልን እሱም ይዘንልህ። እውቀትህን ይጨምርልህ። ልጃችንንም ለምረቃ ያብቃልን።"

ቄስ ደጉ አሜን አሉ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ፤ ምን ላድርግ?

አሚን ያላለችው ሱሀይላ ብቻ ናት።