አንድ ጣሳ ውሃ

የአረቄው ሰማያዊ ነበልባል ማንኪያው ላይ ጥቂት ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ሾፌሩ መኮንን ማንኪያውን ወደ በሩ ብርሃን አዘንብሎ አየው። ከሥሩ አንዲት የውሃ ጠብታ ቀርታለች።

«ትላንት እኮ ደረቅ ነበር» አለ።

ሰርክአዲስ ጎንበስ ብላ እሳቱ ላይ አንድ እፍኝ የቡና ገለባ ጨመረች። ጠብታዋ ከየት እንደመጣች ታውቃለች። ጎህ ሲቀድ፣ እሱ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ አንድ ጣሳ ውሃ ቀድታ በመጨረሻው ማሰሮ ላይ የገለበጠችው ራሷ ናት።

መኮንን የነጋዴውን የሀሚድን ቡና ሊጭን መቻራ የገባው ለአንድ ቀን ነበር። መንገድ ላይ ድንጋይ የመኪናውን ሆድ በስቶት ኖሮ፣ ቤንዚኑ ጠብ ጠብ ሲል አድሮ አለቀ። ቀዳዳውን በሳሙና ደፈነው፤ ቤንዚን ግን ከየት ይምጣ? በበቅሎ በደሳ ድረስ የተላከው ሰው በስድስተኛው ቀን ባዶ ጀሪካን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ አልፎ አሰበ ተፈሪ ደርሶ እስኪመለስ ደግሞ ክረምቱ ይቀድመዋል። ዝናቡ ከጀመረ መንገዱ እስከ መስከረም ይዘጋል። አሰበ ተፈሪ ውስጥ እናቷ የሞተችባት የስድስት ዓመት ልጁ ውቢት ጎረቤት ቤት ተቀምጣለች። «እሁድ እመጣለሁ» ብሏት ነበር። ሁለት እሁድ አለፈ።

ዘዴውን ያመጣው እሱ ነው። በጣሊያን ጊዜ ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ ሲላላክ፣ ቤንዚን ሲጠፋ ሞተር በአልኮል ሲነሳ አይቷል። መቻራ ውስጥ አረቄ በማውጣት ደግሞ ሰርክአዲስን የሚያህል የለም። ከየጠላ ቤቱ የሚደፋውን አተላ ሰበሰቡ። ሀሚድ ከቡና መፈልፈያው ጀርባ ተከምሮ የሚበሰብሰውን ገለባ ለማገዶ በጆንያ በጆንያ ላከላቸው። አንዴ አወጡት፣ ቀጭን አረቄ ሆነ። ደገሙት፣ ዳግም ሆነ። ሠለሱት። የተሠለሰውን ጠጥቶ የሚያውቅ ስለሌለ ስም እንኳ አልነበረውም። ማንኪያ ላይ ነዶ ውሃ ካላስቀረ ለሞተር ይበቃል።

ሰርክአዲስ ከተጉለት የመጣችው ፖሊስ ባሏን ተከትላ ነው። እሱ ተዛውሮ ሲሄድ «ቤት ስይዝ እልክብሻለሁ» ብሏት ነበር፤ ይኸው ሰባት ዓመቱ። ከእሱ በኋላም መምህሩ፣ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሁሉም የዝውውር ደብዳቤያቸውን ይዘው ደጇ ላይ ቆመው ተሰናብተዋታል። መሸኘት ለምዶባታል። ይህ ሰው ግን ከጠዋት እስከ ማታ ምድጃዋ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ገለባ ይጨምራል፣ ከእንስራው በሸምበቆ የሚወርደውን አረቄ የሚቀበለውን ማሰሮ በቀዝቃዛ ውሃ ያረጥባል፣ ያወራችውን ሁሉ ይሰማል። ሳታስበው ማንጎራጎር ጀምራ ራሷን ስትሰማ ደነገጠች። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እዚያው ዱካ ላይ ቢቀመጥላት ተመኘች። ሌላ ምንም አልተመኘችም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ መኮንን ማንኪያውን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ። «ማታ እሳቱን ሳላበዛው አልቀረሁም። ውሃው አብሮ ወጣ።» ወደ በሩ ሄዶ ሰማዩን አየ። በደቡብ በኩል ጠቁሯል። «ውቢት የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር መንገድ ዳር እየወጣች ይሆናል።»

ራሱን መውቀሱ ከስድብ የባሰ አመማት።

«አንተ አይደለህም» አለች። «ውሃ የጨመርኩበት እኔ ነኝ።»

መኮንን ዞረ። ሰርክአዲስ አንገቷን ደፍታ ቁጣውን ጠበቀች። ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ማሰሮውን አንስቶ ወደ እንስራው ገለበጠው፣ አፉን በጭቃ መረገው፣ ዱካው ላይ ተቀመጠ።

«ገለባ አቀብዪኝ» አለ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠሩ። እሳቱን የያዘችው እሷ ነበረች፤ እንዳይበዛ በእፍኝ ሳይሆን በቁንጥር እየጨመረች። ከሸምበቆው ጫፍ የሚወርደው እያንዳንዱ ጠብታ እሱን እንደሚወስድባት እያወቀች አንዱንም አላበላሸችም። ሲጨርሱ ማንኪያው ላይ ለኮሰችው። ነደደ፣ ጠፋ። ማንኪያው ደረቅ ነበር።

ሀሚድ አረቄ ቤት አይገባም። መኪናው ዘንድ ቆሞ በጋቢው ጫፍ አፍንጫውን ሸፍኖ ጠበቃቸው። የተጠራቀመውን አረቄ ሲሞሉበት፣ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ፣ በሦስተኛው ተነስቶ የሰርክአዲስን ቤት ሽታ ሲተፋ ሳቁ አመለጠው።

«አቦ ሰርኬ! ወላሂ ቡናዬ ሰክሮ ነው አሰበ ተፈሪ የሚገባው!»

መኮንን ከመሪው ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ጠራት። ተጠጋች።

«ስንት ጣሳ ነበር?»

«ምኑ?»

«ውሃው።»

ፊቷ ጋለ። «አንድ።»

መኮንን አልሳቀም። «አንድ ብቻ?» አለ ቅር እንዳለው ሰው፤ ማርሹንም አስገባ።

መኪናው ኩርባውን እስኪዞር ሰርክአዲስ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ድምፁ ከጠፋ በኋላም ሽታው መንገዱ ላይ ቆየ። ሀሚድ «ግቢ እንጂ፣ መጣልሽ!» ብሎ ወደ ሱቁ ሮጠ፤ ዝናቡ ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ እየዘለለ ደረሰ። ማንኪያው እጇ ላይ መሆኑን ያየችው ያኔ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ገብተውበታል። አልደፋቻቸውም። እንዳይፈስባት ማንኪያውን ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ እየበሰበሰች፣ በዝግታ ወደ ቤቷ ሄደች።