ነጠላ ጋቢና ወይስ ደብል ጋቢና

1.

«ሦስት ነን።»

2.

ይህን ያለው እንድሪስ ነው፤ ሶፋ ሠሪው። ያለውም ኮምቦልቻ፣ መኪና የሚሸጥበት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ጠያቂው ካሳዬ የሚባል ደላላ ሲሆን፣ ጥያቄው «ቤተሰብ ስንት ናችሁ?» የሚል ነበር። እንድሪስ ራሱ፣ ሚስቱ ጦይባ፣ የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ነጂብ። ሦስት። ሒሳቡ ለሰሚው ትክክል ይመስላል።

ፈትያ ግን ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማ ነበር።

3.

ፈትያ የእንድሪስ ታላቅ ወንድም የይመር ልጅ ናት። ይመር ሲሞት አምስት ዓመቷ ነበር፤ እናቷን ከዚያም ቀደም ብላ አጥታለች። እንድሪስ ከቀብር መልስ በጀርባው አዝሎ ደሴ፣ ቤቱ አስገባት። ያን ጊዜ ነጂብ ገና አልተወለደም። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እሱን «አባዬ» ትለዋለች፣ ጦይባን «እማ»። የወንድም ልጅ መሆኗን ጎረቤቱ ሁሉ ረስቶታል።

ታዲያ አንድ ሰው ብቻ አልረሳም ማለት ነው። ወይም ደግሞ አንድ ሰው፣ ለአንድ ቅጽበት፣ እሷኑ ረሳት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ እኔ አላውቅም።

4.

እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ታሪክ እንደ ሰው ከመጀመሪያው ልጀምረው ሞክሬ ነበር። ስለ ደሴ ብርድ ጻፍኩ፣ ስለ ስፖንጅና ስለ ጣውላ ጻፍኩ። እንድሪስ ግን አስቸገረኝ። ከየትም ባነሣው ሄዶ ሄዶ እዚያች ቃል ላይ ይቆማል። ስለዚህ ቆራርጬ፣ ቁጥር እየሰጠሁ ላቀርበው ወሰንኩ። ቢያንስ ቁጥሮቹ አይጎድሉም።

5.

መኪናው የሚጭነው፦

በሥራ ቀን
ባለ ሦስት ሶፋ፣ አንድ
ባለ አንድ፣ ሁለት
ስፖንጅ፣ ጣውላ፣ የጨርቅ ጥቅል

በእሁድ
ጦይባ (ሐይቅ ከተማ፣ እናቷ ዘንድ)
ነጂብ (መኪና ያስመልሰዋል፤ መስኮት ዳር ይቀመጥ)
ፈትያ
ራሴ

ይህን ዝርዝር እንድሪስ የጻፈው ኮምቦልቻ ከመውረዱ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በስፖንጅ መጠቅለያ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ፈትያ አለችበት፤ በእጁ ጽፏታል። ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ወረቀት ስንት ጊዜ እያወጣ እንዳየው ብነግራችሁ ታዝኑለታላችሁ። ንጹሕ መሆኔን ያስረዳልኛል ብሎ ነበር። አላስረዳለትም፤ እንዲያውም ጥፋቱን አባሰበት።

6.

ሁለት መኪኖች ነበሩ፤ ሁለቱም ያገለገሉ፣ ሁለቱም ነጭ።

ነጠላ ጋቢናው ፊት ለፊት ሦስት ሰው ይይዛል። የኋላ ጭነቱ ረጅም ነው፤ ባለ ሦስት ሶፋ እንደ ልቡ ተንጋሎ ይተኛበታል። ደብል ጋቢናው አምስት ሰው ይይዛል፣ ጭነቱ ግን አጭር ነው። ዋጋቸው ያን ያህል አይራራቅም።

እንድሪስ ነጠላውን ገና ሲያየው ነው ልቡ የሸፈተው።

7.

የተባለው ቃል በቃል፦

ካሳዬ፦ ለምን ሥራ ነው የፈለግከው?
እንድሪስ፦ ለሶፋ። ለቤትም እንዲሆነኝ ነው።
ካሳዬ፦ ቤተሰብ ስንት ናችሁ?
እንድሪስ፦ ሦስት ነን።
ካሳዬ፦ ታዲያ ምን አስጨነቀህ? ነጠላው ሦስት ሰው ይይዛል። አንተ፣ ባለቤትህ፣ ልጅህ። ኋላው ለሶፋህ።
ፈትያ፦ ሁለት ሜትር ከሃያ።

8.

የመጨረሻው የእሷ ድምፅ ነው። መኪና ሲመረጥ ካላየሁ ብላ ለምና ነበር አብራው የወረደችው፤ ሜትሩን ይዛ የነጠላውን ጭነት ርዝመት ትለካለች። «ሦስት ነን» ሲል ሜትሩ እጇ ላይ ነበር። አልጣለችውም። ቀና ብላም አላየችው። ቁጥሩን አነበበች፣ ሜትሩን ጠቀለለች፣ «ይበቃሃል አባዬ» አለች።

ብታለቅስ ኖሮ እንድሪስ በተገላገለ ነበር።

9.

ምክንያት ሲጠፋህ እንዲህ አድርግ።

ወስኜ እመለሳለሁ ብለህ ደላላውን ተሰናበተው። ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ግባ። ልጅቱን መስኮት ዳር አስቀምጣት፤ ሳትጠይቅህ ኦቾሎኒ ግዛላት። ሐረጎ ዳገት ላይ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር አንተም ሐሳብህን አብረህ ጠምዝዘው። እናትህን አስታውስ። እናትህ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «ስንት ልጆች አሉሽ?» ሲሏት አንድ ቀንሳ ነበር የምትናገረው፤ የሰው ዓይን እንዳያርፍባቸው። ሰባት ሆናችሁ ሳለ ስድስት ትል ነበር። የአካባቢው እናቶች ሁሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር፣ ማንም አይቀየምም ነበር።

አገኘኸው። «ሦስት ነን» ያልከው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ለራስህ ንገረው። ፊትህ ካልቀላ ለሌላም ይሆናል።

10.

እራት ላይ እንደ ጨዋታ አድርጎ አመጣው። ደላላው ዓይነ ደረቅ እንደነበረ፣ ገና ሳይተዋወቁ ቤተሰብ ሊቆጥር እንደ ተነሣ፣ እሱም የእናቱ ወግ ትዝ ብሎት አንድ ሰው ቀንሶ እንደ ሸወደው አወራ። ጦይባ ሳቀች። እሜቴ በሕይወት ቢኖሩ በልጃቸው ይኮሩ ነበር አለች፣ እንጀራም ጨመረችለት።

ፈትያም ፈገግ አለች።

«እኔ እኮ ምንም አላልኩም፣ አባዬ» አለች።

እውነቷን ነው። ማንም አልከሰሰውም ነበር። ራሱ ተነሥቶ መከላከያ ያቀረበው እሱ ነው።

11.

ስለ እንድሪስ ሥራ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አልፌያለሁ። ሆን ብዬ ነው፤ አሁንም ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ሶፋ ሊያሠራ የመጣ ሰው ስለ ጨርቅ ቀለም ከመናገሩ በፊት እንድሪስ አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል። «ቤተሰብ ስንት ናችሁ?» ይለዋል። ሰውየው አምስት ካለ እንድሪስ የስድስት መቀመጫ ይሠራል። ለእንግዳ ነው? ሲሉት አይደለም ይላል። ሰው ቤተሰቡን ሲቆጥር አንድ ሰው ይዘነጋል፤ አያትን፣ ሠራተኛዋን፣ ከገጠር መጥቶ የሚማረውን ልጅ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ በደንበኞቹ ሲቀልድ ኖሯል። ደንበኞቹም ራሳቸውን እያከኩ «ለካስ እሷም አለች» ይሉታል።

12.

ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሲሆን የመረመራቸው ምክንያቶች፦

ሀ. ደላላው አጣድፎኝ ነው። (አላጣደፈውም። ሻይ እንጠጣ እያለው ነበር።)

ለ. በደህና ቀን አራት ነው የምለው፤ አፌ ነው የሳተ። (አፍ ብቻውን አይስትም።)

ሐ. ነጠላውን ፈልጌው ነበር። አራት ካልኩ ነጠላው ይቀርብኛል። ሦስት ካልኩ ይበቃኛል።

ሐ ላይ ሲደርስ መዶሻውን አስቀመጠ። እስካሁን ሲጨነቅ የነበረው ረሳኋት ብሎ ነው። መርሳት የሰው ነው፤ ይቅርታ ይባልበታል። ግን ረስቷት ባይሆንስ? በዚያች ቅጽበት ልቡ ሳያማክረው መቀመጫዎቹን ቆጥሮ፣ ሰዎቹን ቆጥሮ፣ ትርፍ የሆነችውን አውቆ ቢሆንስ?

አፈረ። ወንድሙ ይመር ከበሩ ቆሞ የሚያየው መሰለው፤ ዞር ብሎም አየ።

13.

ደብል ጋቢናውን ገዛ።

14.

ሊገዛ የወረደው ብቻውን ነው። ካሳዬ ግራ ገብቶት ሦስት ነን አላልክም ወይ ብሎ ጠየቀው። እንድሪስ አራት ነን አለ፣ ጮክ ብሎ፣ የግቢው ዘበኛ ዞር ብሎ እስኪያየው ድረስ።

ያን ቀን ፈትያ ትምህርት ቤት ነበረች።

15.

ከዚያ በኋላ ሥራው ተጎዳ። ባለ ሦስቱ ሶፋ አጭሩ ጭነት ላይ አልተኛ አለ። የኋላው ስፖንዳ፣ የጭነቱ መዝጊያ፣ ክፍት ሆኖ፣ የሶፋው ክንድ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ ቀይ ጨርቅ ታስሮበት ነው የሚሄደው። በአንድ ጊዜ ሊደርስ የሚችለው ዕቃ ሁለት ጊዜ ያመላልሰው ጀመር። አንዱ የካፌ ባለቤት በአንድ ቀን ጭነህ ካላደረስክልኝ ብሎ ሥራውን ለሌላ ሰጠው። ሌላው ሶፋ መንገድ ላይ ክንዱ ተጋጭቶ፣ ጨርቁ ተቀዶ ተመለሰ።

ሰፈሩ ግን አመሰገነው። ለልጆቹ ሲል ሥራውን የጎዳ አባት ተባለ። ጦይባ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ታወራዋለች፤ የእናቱንም ወግ ጨምራ፣ እንዴት አንድ ሰው ቀንሶ ደላላውን እንደ ሸወደው። ውሸቱ ከእንድሪስ እጅ ወጥቶ ሰፈሩን ይዞር ጀመር። በተመሰገነ ቁጥር እንደ ሌባ አንገቱን ይደፋ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ትሕትና ነው አሉት።

16.

ፈትያስ?

ፈትያ ኋላ ወንበር ላይ ነጂብን አጠገቧ አድርጋ ትቀመጣለች። መስኮቱን ለእሱ ለቃለታለች። አልተቀየረችም ማለት እፈልግ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጀምራለች፤ መኪና ውስጥ ከመግባቷ በፊት ሌሎቹ እስኪገቡ ቆማ ትጠብቃለች። ቦታ መኖሩን አይታ ነው የምትገባው።

አንድ መቀመጫ ሁልጊዜ ትርፍ ነው። እሷ ግን ትጠብቃለች።

17.

እሁድ ጠዋት ነበር። አንድ ሶፋ ሐይቅ ላለ ደንበኛ አድርሰው፣ ከዚያ በጦይባ እናት ቤት ምሳ ሊበሉ አራቱም ወጡ። መኪናው የተገዛው ለዚህ ዓይነት ቀን ነው፤ ሥራውም ቤተሰቡም በአንድ ጉዞ። ከደሴ ወጣ እንዳሉ አቀበቱ ላይ ካፊያ ጀመረ፣ ገመዱም ላላ። ሶፋው ወደ ኋላ ሲንሸራተት እንድሪስ በመስተዋት አይቶ ዳር ያዘና ቆመ። ጦይባና ነጂብ ውስጥ ቀሩ። ገመድ አያያዝ የምትችለው ፈትያ ስለሆነች ከእሱ ጋር ወረደች።

እሱ ሶፋውን በትከሻው ገፋ፤ እሷ ገመዱን ሳበች። ሸራውን አብረው አለበሱት።

«ነጠላው ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለች።

«ነጠላው አራት ሰው አይይዝም።»

«እኔ ኋላ፣ ሶፋው ላይ እቀመጥ ነበር። ምንም አልልም ነበር።»

ቅሬታ አልነበረበትም። ብዙ ቀን አስባበት የደረሰችበት ነገር መሆኑ ግን ያስታውቃል። እንድሪስ ያችን የሐረጎዋን ምክንያት አነሣ፤ ሌላ ምን አለው? አያትሽ እንዲህ ነበሩ፣ ዓይን እንዳያርፍባችሁ ብዬ ነው፣ አለ።

ፈትያ አላስጨረሰችውም። ሰምታዋለች፤ ከጦይባ እንኳ አሥር ጊዜ ሰምታዋለች። ቋጠሮውን አጥብቃ፣ የገመዱን ጫፍ ሳትለቅ፣ ከኮምቦልቻ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ትክክል አየችው።

18.

ከዚህ በኋላ ያለውን ልጽፍለት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በአንዱ ዋሸላት፤ አመነችው፣ እኔ ግን አላመንኩትም። በአንዱ እውነቱን ነገራት፤ መልሷን መጻፍ አልደፈርኩም። በአንዱ ዝም አለ፤ እሱ ከሁሉ ባሰ። ሦስቱንም ሰረዝኳቸው። ለእናንተ የማስረክበው ይህን ብቻ ነው።

19.

ፈትያ፦ አባዬ፣ አንድ ሰው መቀነስ ከነበረብህ፣ ለምን ነጂብን አልቀነስክም?

እንድሪስ፦