ውስጠ ባዶው ሳንቃ

ካይፖ ዕድሜውን የፈጀው ፎም ሲልግ ነው። ማካሃ በምትባል የደሴት መንደር፣ ባሕር ዳር ባለችው መጋዘኑ ፎሙን ልጎ፣ ፋይበር ግላስ አልብሶ፣ ሙጫ አፍስሶበት የሞገድ መንሸራተቻ ሳንቃ ያደርገዋል፤ ሲወጣ ዱቄት ቤት ያደረ አይጥ ይመስላል። ሳንቃዎቹን ከሌላ ደሴት ድረስ መጥተው ይወስዱለታል። አንድ ሰው ብቻ ንክች አላደረጉለትም፤ ሞገድ ላይ መቆም ያስተማሩት አክስቱ ሃውናኒ።

«ይሄ የበረዶ ሣጥን ክዳን ነው» ይሉታል። «ሳንቃ አባቴ የሠራው ነበር።»

የአባታቸው፣ የካይፖ አያት፣ ውስጠ ባዶ የእንጨት ሳንቃ ምስጥ ከበላው ቆይቷል። ዘንድሮ ዳሌያቸው አላላውስ ሲላቸው ጊዜ አክስቱ፣ «ይሄ በጋ የመጨረሻዬ ነው፤ አንዴ በእንጨት ሳንቃ በገባሁ» አሉ። ካይፖ በዚህች ቃል አበደ። እንደ ጎድን አጥንት ማገር አቆመ፣ ስስ ጣውላ ለበጠበት፣ በዘይት አሸው። የፎም ሳንቃ ሊያዝ የመጣውን ሁሉ፣ «እኔ አሁን የአባቶቼን ሥራ ነው የምሠራው» እያለ ይመልስ ጀመር፤ ቤቱን የሠራለት ፎም መሆኑን ረስቶ።

ቀኑ ደረሰ። ዘመድ አዝማድ ፖይ የሚሉትን የጎደሬ ገንፎና ጥሬ ዓሣውን ይዞ ባሕር ዳር ተሰበሰበ። ውስጠ ባዶ ሳንቃ ፀሐይ ላይ ታፍኖ እንዳይፈነዳ ጫፉ ላይ ያለው ውታፍ ይነቀላል፤ ወደ ባሕር ሲገባ ደግሞ ይወተፋል። ካይፖ ነቀለና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ስለ አያቶች ጥበብ ንግግር አደረገ። ንግግሩ ለራሱ ጣፈጠው፤ አስረዘመው። የሳንቃው ምርቃት ጸሎት እንዳለቀም፣ «ቀድሜ ልሞክርልዎ አክስቴ» ብሎ እየተንጎማለለ ገባ።

አንደኛውን ሞገድ እንደ ምንም አለፈ። ሁለተኛው ላይ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። የአጎቱ ልጅ ፖማይ ከአሸዋው ላይ ጮኸች፦ «ካይፖ! አያቶቻችን ጠላቂዎች ነበሩ እንዴ?»

ያን ጊዜ ኪሱን ዳበሰ።

ጎረምሶች ተረባርበው ሲጎትቱት ሳንቃው ግማሽ ባሕር ያስታውክ ነበር። የካይፖ ፊት በርበሬ መሰለ። የሚያፍረው ለራሱ እንዳልሆነ ለራሱ ነገረው፤ ራሱም አላመነው። ግን የአክስቱ በጋ በእሱ ወሬ መበላሸቱ በእውነት አንጀቱን በላው።

«ይቅርታ አክስቴ። ይንጠፍጠፍና ነገ...»

«ነገ ዳሌዬ እሺ ይላል ብለህ ነው? ያንን የፖማይን አምጣልኝ።»

የፖማይ ሳንቃ እሱ የሠራው ፎም ነው። አክስቱ በደረታቸው ተኙበት፤ ካይፖ ከኋላ ገፋቸው። ሞገዱ አንስቶ እስከ አሸዋው ወሰዳቸው። ካይፖ ስድቡን ሊቀበል ውሃውን እየቀዘፈ ደረሰ።

«እንዴት ነው?»

አክስቱ ሳንቃውን መታ መታ አደረጉት። «ያኔ የእንጨቱን ስሸከም ትከሻዬ ይላጥ ነበር። አባቴ ይሄን ቢያገኝ ኖሮ እንጨት በእጁ አይነካም ነበር።»

ካይፖ ስንት ወር ሙሉ እሱን ለመምሰል ሲጥር የከረመው አያቱ፣ በሕይወት ቢኖር የካይፖ መጋዘን በር ላይ ወረፋ ይይዝ ነበር ማለት ነው። ካይፖ እየሳቀ ዓይኑን በእርጥብ ክንዱ ጠረገ።

«አታልቅስብኝ እንግዲህ» አሉ አክስቱ። «ይልቅ አዙረኝ፤ ሌላ ሞገድ እየመጣ ነው።»